ከስኳሩ ጋር የተቆለፈው የመጋዝ ክዳን

በዚያ ሳይት ከሁሉ ነገር በላይ ተጠንቅቆ የተያዘው የመጋዙ ክዳን ነበር። ቀልዴን አይደለም። ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ይደርቃል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ይቀቀላል፤ የመጋዙ ክዳን ግን ኤሲ ባለበት ክፍል፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከስኳሩ ጎን ተቆልፎበት ይተኛል። ኩዌት ውስጥ ብዙ ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ እንደዚያ ክዳን ተከብሮ የኖረ ፍጡር ግን አላየሁም።

ይህን የማውቀው የቁም ሳጥኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞረው እኔ ስለነበርኩ ነው። ከማዳሞች ቤት ወጥቼ፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ ወደ አንድ የጽዳት ኩባንያ አዛውሬ፣ ማህቡላ ውስጥ ባሕሩ አጠገብ ወደሚሠራ ፎቅ ተልኬ ነበር። ሥራዬ ቢሮ የሚሉትን ኮንቴይነር ማጽዳት፣ ሻይ ማፍላትና አለቆቹ ሲያወሩ የሰማሁ አለመምሰል ነው። ከሦስቱ የሚያደክመው የመጨረሻው ነው። ፎቁ ስንት ወለል እንደነበረው ብትጠይቁኝ የጨረቃ ጎረቤት ነው እላችኋለሁ። በዚያ የነሐሴ ሙቀት እንኳ የፈላ ሻይ ይዤ ላይኛው ወለል ስደርስ ቀዝቅዞ ነው የሚገኘው፤ እኔ ደግሞ በበኩሌ ፈልቼ።

መጋዝ ስል የእጁን መጋዝ አይደለም። ትልቅ የብረት ጠረጴዛ ነው፤ መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ ከስንጥቁ ውስጥ ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ፣ ትሪ የሚያህል ዲስክ ብቅ ብሎ በኤሌክትሪክ ይሽከረከራል። ጣውላውን ገፋ ሲያደርጉለት እንደ ሐብሐብ ይሰነጥቀዋል። ዲስኩ ጣውላና ጣት አይለይም፤ እንዲለይም ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ ከላዩ የሚደፋ ክዳን ይሰጠዋል፤ እጅ ጥርሱ ድረስ እንዳይደርስ። የሠራው ሰው እናት ያለው ሰው መሆን አለበት።

የኛ ፎርማን ግን ያንን ክዳን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ነው የጠላው።

«ሥራ ያዘገያል» አለ። ፎርማኑ ሥራ የሚያዘግይ ነገር አይወድም፤ ውሃ መጠጣት፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ማስነጠስ፣ ሁሉም ሥራ ያዘገያል። ከእናቱ ሆድ ራሱ አዋላጇን «ያላ! ያላ!» እያለ የወጣ ይመስለኛል። ማተቤን እያየ እኔን «ሐጃ» ይለኛል፤ ከእሱ ዕድሜ በላይ የሆነች ሴት ሁሉ መካ ደርሳ የተመለሰች ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ ክዳኖቹን አውልቀው ሰጋቱራው ውስጥ ጣሏቸው። ሁለት መጋዝ ነበር፤ ሁለት ክዳን። ታዲያ አንድ ቀን የሕንፃው ባለቤት ወኪሎች ሳይታሰብ ለጉብኝት መጡና አንዱ ክዳን ተፈልጎ ጠፍቶ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ተገኘ፤ ሌላው ደግሞ የድመት መኝታ ሆኖ ተገኘ። ሙዲሩ፣ የሁሉም አለቃ ማለት ነው፣ ጮኸ። ምን ብሎ? ክዳኑ መጋዙ ላይ ለምን የለም ብሎ እንዳይመስላችሁ። ክዳኑ ለምን በአግባቡ አልተቀመጠም ብሎ ነው! በሳይቱ ውስጥ ቁልፍ የነበረው የኔ ስኳር ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክዳኖቹ ከስኳሩ ጋር ገቡ።

ሥርዓቱ እንዲህ ሆነ። የእንግዳ መኪና በር ላይ ሲታይ ዘበኛው ይደውላል። ፎርማኑ «ሐጃ!» ብሎ ይጮኻል። እኔ ከፍቼ አወጣለሁ፣ በጨርቅ ወልወል አድርጌ እሰጣለሁ። አናጢዎቹ እየሮጡ ይገጥማሉ። እንግዶቹ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ፎቶ ይነሳል። ጀርባቸውን ሲያዞሩ ክዳኑ ይፈታል፤ ፎርማኑ ራሱ እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ያመጣልኛል፤ እኔም አስተኝቼ እቆልፋለሁ። ሌላ ሰው አይታመንም፤ ይጫራላ! የማዳሞቼን ክሪስታል እንኳ እንደዚያ ወልውዬ አላውቅም።

የዚህ ሁሉ ድራማ ቄሰ ገበዝ ሴፍቲው ነው። ሴፍቲ የምንለው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ የተቀጠረውን ሰው ነው። ነጭ ሄልሜት ያደርጋል፤ ከነጭነቱ የተነሳ ሙሽራ የመጣች ይመስላል። ጫማው ያበራል። ያለ እንግዳ መጋዙ ወዳለበት የአናጢዎቹ ዳስ ሄዶ አያውቅም፤ ሰጋቱራ ጫማው ላይ ያርፍበታል። መጋዙን የሚያውቀው በፎቶ ነው፤ እኛም እሱን የምናውቀው ፎቶ ሲያነሳ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት ሳምንቱ ሲጀመር ሠራተኛውን ሁሉ ፀሐይ ላይ ያሰልፍና በእንግሊዝኛ ስለ አደጋ ያነባል። ከተሰለፈው ሰው እንግሊዝኛ የሚሰማው እሱ ራሱ ብቻ ነው፤ እሱም መስማቱን እጠራጠራለሁ። ሲጨርስ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ የሁለት ሺህ ቋንቋ ተናጋሪ በአንድ ድምፅ «ሴፍቲ ፈርስት!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ሁሉም ክዳን ወደሌለው መጋዙ ይሄዳል።

በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ የሀገሬ ሰው ነበር፤ የወሎ ልጅ፣ አናጢ፤ ወንድሜ ነው የምለው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ጎልማሳ፣ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ኮምቦልቻ ትቶ የመጣ። እጁ ንጹሕ ነው፤ አርማታ የሚፈስበትን የእንጨት ቅርጽ ሲያበጅ ሳየው ልብስ የሚሰፋ ነው የሚመስለኝ። ሻይ ስወስድለት ሳንሰዳደብ አንለያይም።

«እትዬ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ ዝናብ?»

«ዝናብ የት ታውቃለህ አንተ? ከመጣህ ጀምሮ ያየኸው እርጥበት ላብህን ነው።»

«ስኳሩንስ ምነው ደበቅሽብኝ?»

«ክዳኖቹ በሉት። ሌሊት ሌሊት እየተነሱ ይቅማሉ።»

ይስቅና ያንን ራቁቱን የሚሽከረከር ዲስክ በአገጩ ያሳየኛል። «እኔ ብሞት ለሚስቴ ነው የሚደውሉት፤ ክዳኑ ቢጫር ግን ለሙዲሩ ነው የሚደውሉት። ማን እንደሚበልጥ እዚያ ላይ እወቂ።»

ሚስቱ በየምሽቱ ትደውላለች። አንዳንዴ ከሥራ ስንወጣ አብረን አውቶቡስ ስንጠብቅ ድምጿን እሰማታለሁ። ምክሯ አንድ ናት፤ «አትቸኩል»። መንገድ ስትሻገር አትቸኩል፣ ስትበላ አትቸኩል። ሠርጋቸው ዕለት ትኩስ ወጥ ጎርሶ ምላሱን ተቃጥሎ ሲያፈጥ ቪዲዮ ላይ ቀርቷል አሉ፤ ሰበቡ ያ ነው።

ያ የነሐሴ ቀን የመጣው በዚህ መሃል ነው። በዚያ አገር በሙቀቱ ወራት እኩለ ቀን ላይ ውጭ ማሠራት ክልክል ነው። የኛዎቹ ታዲያ ከመጋዙ በላይ መረብ ዘረጉና ዳሱን «ውስጥ» ነው አሉት። መረቡ ፀሐዩን አጣርቶ ያወርደዋል እንጂ አይከለክለውም። በማግስቱ አርማታ ይፈሳል ተብሎ፣ ቅርጹን የሚያጣብቅ ሽብልቅ ያስፈልጋል፤ ጣት የሚያህሉ ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች ናቸው። ፎርማኑ ከወንድሜ ራስጌ ቆሞ «ያላ»ውን ያዘንብበታል። ትንሽ እንጨት ለመቁረጥ እጅ ወደ ዲስኩ መጠጋት አለበት፤ ይህን እንኳን እኔ ድመቷም ታውቃለች።

ትሪዬን ይዤ እየተጠጋሁ ነበር። የመጋዙ ድምፅ ለወጥ አለ። ልክ ሲዘፍን የነበረ ሰው የሆነ ነገር እንደዋጠ። ከዚያ እንጨቱ ተስፈንጥሮ የብረት በርሜል መታ። ወንድሜ አልጮኸም። ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ያየዋል፤ የሌላ ሰው ዕቃ በስሕተት እጁ የገባ ይመስል።

«እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ትሪውን አስቀምጪው፣ ይፈስብሻል።»

ፈሷል። ብርጭቆዎቹ የት እንደወደቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ትከሻዬ ላይ የነበረውን ንጹሕ ፎጣ እጁ ላይ ጠቀለልኩና ጨብጬ ወደ ላይ አነሳሁት። የመሃል ጣቱ በቆዳ ተንጠልጥላለች። ሌባ ጣቱ የለችም። ሰጋቱራው ውስጥ ያገኛት አንድ ሌላ አናጢ ነው፤ አንስቶ ሲሰጠኝ ያለቅስ ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን፣ በፌስታል አድርገን፣ ከሙዲሩ ፍሪጅ በመጣ በረዶ ላይ አስቀመጥናት። በዚያ ሳይት ያ ፍሪጅ ለሰው ልጅ የጠቀመው ያን ቀን ብቻ ነው።

ያኔ ሴፍቲው ሲሮጥ መጣ።

መሮጥ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ልቤ ትንሽ ለሰለሰ፤ ለካ ይሄም ሰው ነው አልኩ። ደሙን ለጫማው ብሎ ዘለለው። ቁስለኛውንም አልፎ እኔ ጋ ደረሰ።

«ቁልፉ! ቁልፉን ስጪኝ!»

የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥኑን የፈለገ መሰለኝ። «ሳጥኑ ያልተቆለፈ ነው፣ በሩ ጀርባ ነው» አልኩት። በነገራችን ላይ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የራሱ የስልክ ቻርጀር ነው።

«ሳጥኑን አይደለም! ክዳኑን ነው!»

ሁለቱም እጄ ተይዟል፤ የሰው እጅ ይዣለሁ። አንገቴ ላይ ያለውን ክር እሱ ራሱ ጎትቶ በጠሰው። ማተቤን አብሮ አለመበጠሱ የተሻለ ክር ስለሆነ ነው። ፒክአፑ ወንድሜንና እኔን ይዞ ከበሩ ሲወጣ ዞር ብዬ አየሁ። ሴፍቲው ደም በተረጨው መጋዝ ላይ ክዳኑን እየገጠመ ነው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ርምጃ ሄደና ስልኩን አወጣ፤ ልክ የልደት ኬክ ፎቶ እንደሚያነሳ ሰው።

ሆስፒታል ሐኪሞቹ የመሃል ጣቱን መለሱለት። ሌባ ጣቱ አልሆነችም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ደም የነካውን ቀሚሴን እያየሁ በማውቀው ቋንቋ ሁሉ ተሳደብኩ፤ በአረብኛ፣ በሂንዲ፣ በአማርኛ። አማርኛው ይበልጣል፣ ርዝመት አለው።

በማግስቱ ሥራ ስገባ ወሬው ተቀምሞ ደርሷል። መጋዙ ክዳን ነበረው ተባለ፤ ይኸው ፎቶው። አናጢው ቸኩሎ እጁን ከክዳኑ ሥር አስገባ ተባለ፤ ጥፋቱ የራሱ ነው። ጥፋቱ የራሱ ከሆነ ሕክምናው ይቆማል፤ ኩባንያው በሚቀጥለው በረራ ትኬት ቆርጦ ይሸኘዋል። ግማሽ እጅ ይዞ፣ በገዛ እጁ እጁን የቆረጠ ሞኝ ተብሎ ኮምቦልቻ ይገባል።

ሴፍቲው ደግሞ ፖም ገዝቶ ሆስፒታል ሄደ። ከተቀጠረ ጀምሮ ለሠራተኛ ያወጣው ወጪ ያ ፖም ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ «ቸኩለህ ነበር እኮ። መቸኮልህን ብቻ ለመርማሪው ንገረው፤ ነገሩ ቶሎ ያልቃል» ሲለው ዋለ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ተናገረው። እኔ ከሥራ በኋላ ስሄድ የሚያናድደኝን ነገር ሰማሁ።

«እትዬ፣ ቸኩዬ ነው መሰለኝ» አለኝ ወንድሜ።

«ምን አልክ?»

«ቸኩዬ ነው። ቀስ ብል ኖሮ...»

«አንተ! ፖሙ ውስጥ ምን አድርገው ነው ያበሉህ? ያ ፎርማን ራስህ ላይ ቆሞ ‹ያላ› ሲልህ አልነበረም? ክዳኑ ከኔ ስኳር ጋር ተኝቶ አልነበረም?»

«ነበር። ግን እሷም ቸኩለህ ነው አለችኝ።»

እሷ ማለት ሚስቱ ናት። ከሳይት አንዱ አለቃ በአስተርጓሚ ደውሎላት፣ ባልሽ በጥድፊያ ራሱን ጎዳ ብሏታል። እሷም ስታለቅስ አድራ «ነገርኩህ፣ ስንቴ ነገርኩህ» ብላዋለች። ከዚያ በኋላ የሷን ስልክ ለማንሳት እየፈራ ነበር። ሰውን ጣቱን ከቆረጡት በኋላ ይቅርታ የሚያስጠይቁትን ምን ብዬ ልጥራቸው? ለዚያ የሚሆን ስድብ እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው።

ለምን ሄደሽ አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ለማን? ኩባንያው ለጽዳት ኩባንያዬ አንድ ስልክ ቢደውል ኢቃማዬ ተሰርዞ ከወንድሜ ጎን አውሮፕላን ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ በመስኮቱ እኔ በመተላለፊያው። ደግሞ ከመርማሪው ጋር የሚያወራውና የሚያስተረጉመው ያው ሴፍቲው ነው። ሻይ አፍይን ማን ይጠይቃል? እኔ የምችለው ሻይ ማፍላት ነው።

እሱን አሰብኩበት።

ከመንግሥት የተላከው መርማሪ የመጣው አርማታ በሚፈስበት ሌላ ቀን ነው። ነጭ ዲሽዳሻ፣ ያንን ረጅም ቀሚሳቸውን፣ የለበሰ፣ ለጋ ፂም ያለው፣ የመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ የሚሄድ ኩዌታዊ። ዘበኛው ደወለ፤ ፎርማኑ ጮኸ፤ እኔ በመለሱልኝ ቁልፍ ከፍቼ ክዳኖቹን ወልውዬ ሰጠሁ፤ ተገጠሙ። ሁሉም እንደ ወትሮው። መርማሪው ዳሱን ዞረ፣ ክዳኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ ሴፍቲው እየተሽቆጠቆጠ በአረብኛ አስረዳው። ሲጨርስ ወደ መኪናው መጣ። መኪናው የቆመው ደግሞ ከኮንቴይነሬ አጠገብ ነው።

እንግዶች ከዳሱ በቀጥታ ወደ መኪናቸው ነው የሚሄዱት፤ ሻይ ጠጥተው አያውቁም። ፎርማኑ ይህን ያውቃል። የእንግዳ ጀርባ ሲዞር እጁ በራሱ ወደ ክዳኑ ብሎን ይሄዳል፤ ይልቁንም አርማታ በሚፈስበት ቀን።

እኔ ኢስቲካናዎቹን፣ እነዚያን ወገበ ቀጭን የኩዌት ሻይ ብርጭቆዎች፣ ትሪ ላይ ደርድሬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እንግዳው ይቸኩላል፣ ዞር በይ» አለኝ ሴፍቲው በጥርሱ መሃል።

እኔ እሱን አላየሁትም። የዲዋኒያ፣ የወንዶቹ እንግዳ መቀበያ አዳራሽ፣ ሻይ እያፈላሁ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ኩዌታዊን እንግዳ በምን እንደሚያስቀምጡት አውቃለሁ። «ልጄ» አልኩት መርማሪውን በአረብኛቸው፣ «ከቤቴ ደጃፍ ሻይ ሳትጠጣ ልትሄድ ነው? እናትህ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

ቀለሙ የተላጠውን ኮንቴይነር ቀና ብሎ አየው። ቤቴ! ሳቀ። «ወላሂ ቸኩያለሁ፣ ያ ኻላ» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

«ሄልና ጥቁር አዝሙድ... አይ፣ ሄልና ዛፍራን ያለበት ነው» አልኩ። ከጉጉቴ የተነሳ ጥቁር አዝሙድ ልጨምርበት ነበር።

«ዛፍራን?» አለ። ገባ። ሴፍቲውም ብቻውን ሊተወው አልቻለም፣ ተከትሎት ገብቶ ተቀመጠ።

ቀዳሁ። ዛፍራኑ የሌለ ነገር ነው፤ ሄሉ ግን እውነት ነው። መርማሪው ፉት አለ፣ ስለ ሀገሬ ጠየቀኝ፤ እኔ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ መልስ ጀመርኩ። ስለ እናቱ ጤና ጠየቅኩ፣ ስለ አክስቶቹም ልቀጥል ስል ከዳሱ በኩል መጋዙ ሲነሳ ሰማሁ። ዲስኩ ያለ ክዳን ድምፁ ሌላ ነው፤ ይጮኻል። ብርጭቆው ሳይጎድል ደገምኩለት።

በሩ ተበርግዶ ፎርማኑ ገባ። ሁለቱን ክዳኖች እንደ መንታ ልጆች በሁለት ክንዱ አቅፏል። ከዚያ የነሐሴ ፀሐይ ወጥቶ ጨለማ ክፍል የገባ ሰው ለትንሽ ጊዜ ዕውር ነው። የሚያየው የኔን ጥላ ብቻ ነው።

«እንኪ ሐጃ፣ አስተኚያቸው» አለ። «ሰውዬው ሄደ፣ ኻላስ፣ አለቀ። ለአንድ ጣት ብሎ ሥራዬን አስፈታኝ!»

የኤሲው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ሴፍቲው ቅንድቡን እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋል፤ ፎርማኑ ግን የት ያያል?

«የቱ ሰውዬ ነው የሄደው?» አለ መርማሪው።

የፎርማኑ ዓይን ቀስ እያለ በራ። መጀመሪያ ነጩን ልብስ፣ ቀጥሎ ፂሙን፣ ቀጥሎ ኢስቲካናውን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይቸኩል ሰው ሆነ፤ እዚያው ደረቀ።

መርማሪው ሻዩን አስቀመጠና ወደ ሴፍቲው ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ። «ያ ኻላ፣ እነዚህ የት ነው የሚቀመጡት?»

ልናገር ሄጄ አይደለም፤ ተጠየቅኩ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አሳየሁት። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ጨርቃቸው በሥርዓት የተነጠፈ፣ ከስኳሩ ጎን ሁለት ባዶ ቦታ።

«አደጋው የደረሰ ቀንስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ተቆልፎባቸው።»

«ማን አወጣቸው?»

በአገጬ ሴፍቲውን አመለከትኩ። «ልጁ ደሙ ሲፈስ እሱ ነው ቁልፉን ከአንገቴ የበጠሰው። እኔ የልጁን እጅ ይዤ ነበር።»

ሴፍቲው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጀመረ። መርማሪው እጁን ዘርግቶ አስቆመውና ወደ ዳሱ ተመለሰ፤ አሁን ያለ አስጎብኚ። መጋዙ ራቁቱን ሲሽከረከር፣ ሌላ አናጢ ሽብልቅ ሲቆርጥበት ደረሰ። የቀሩትን አናጢዎች አንድ በአንድ ጠየቃቸው። አንዱ ሲጀምር ሁሉም ተናገሩ፤ ያ ሁሉ ቋንቋ ያን ቀን ገባው።

ሴፍቲው ተቀጣ ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ወደ አሕመዲ በኩል ሌላ ሳይት ተዛወረ፤ እዚያም እሑድ እሑድ እያስጮኸ ነው አሉ። ፎርማኑ ያው ነው። እኔን ሻይ የሚያፈላ ማሽን ገዝተናል ብለው ወደ ጽዳት ኩባንያዬ መለሱኝ፤ ማሽኑ ሲጠይቁት እንደማይመልስ አጣርተው ነው የገዙት መሰለኝ። አሁን አቡ ሐሊፋ አንድ የሴቶች ሳሎን ጸጉር እጠርጋለሁ። ኩባንያው ግን ክዳን አንስቶ እንዳሠራ በመርማሪው አፍ ተነገረ። የወንድሜ ትኬት ቀረ፣ ሕክምናው ቀጠለ።

ይህን የሰማሁ ዕለት ማህቡላ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ሕንፃ በር ላይ ሄጄ አስጠራሁት። ወርዶ መጣ፤ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል።

«ጥፋቱ የነሱ ነው ተባለ» አልኩት።

«ማን አለ?»

«መርማሪው። አንተ አልቸኮልክም። ቸኩለህ አይደለም።»

የሚፈነድቅ መስሎኝ ነበር። ቀልድ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ስልኩን በቀኙ አወጣና በቪዲዮ ደወለ። ሚስቱ ወጣች፤ ፊቷ የከሳ፣ ሻሿን ወደ ኋላ የለቀቀች ቆንጆ ሴት። ስልኩን ለኔ ሰጠኝ።

«አንቺ ንገሪያት፣ እትዬ። እኔ ብናገር ሰበብ ነው የሚመስላት።»

ነገርኳት። ክዳኑ የት እንደነበረ፣ ማን ራስጌው እንደቆመ፣ ማን ቁልፍ እንደበጠሰ። አንዲት ቃል አላጋነንኩም፤ ምስክሬ እሱ ነው። መጨረሻ ላይ «ባልሽ አልቸኮለም እኅቴ» አልኳት።

ከጀርባዋ ልጆቿ ይጫወታሉ።

«አሳየኝ» አለች ባሏን።

እጁ ከተቆረጠ ጀምሮ አንዴም አላሳያትም ነበር። ፊቱን ብቻ እያሳየ ነው የሚያወራት። ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ባሕሩ አየሁ። ከዚያ ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ስልኩ ፊት ዘረጋው።

«ጠጋ አድርገው» አለችው። «አታሽሽብኝ፣ ጠጋ አድርገው ልየው።»